31 በስመአብ፦ ከቀሃ ፒያሳ በእግር

የቀሃው (ክሩን የከፈተ)

ሰላም ለሁላችሁ የጎንደር ልጆች። ትናንት የገጠመኝን ላውራችሁና ከዛ ወደ ጥያቄዬ እገባለሁ። እናቴ ጉልበቷን ያማታል፣ ሀኪሙ ደግሞ ኪኒኑ ብቻውን አይበቃም ተንቀሳቀሽ ብሏታል፣ እኔም እረፍት ላይ ስለነበርኩ በይ እማ ዛሬ ባጃጅ የለም አልኳትና ቀሃ ካለው ቤታችን ወደ ፒያሳ ወጣን። መንገዱን የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ዳገቱ ትንሽ ያስተነፍሳል እንጂ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ለሷ 1 ሰዓት ከ20 ፈጀባት። ዳገቱ ነው ብዬ ነበር፣ አይደለም፣ ዳገቱንማ ቀስ እያለች በደንብ ነው የወጣችው። የገደላት ከእግረኛ መንገዱ መውረዱና መልሶ መውጣቱ ነው።

እናቴ ደግሞ አመል አላት፣ ከፍ ካለ ነገር ስትወርድ ሁሌ "በስመአብ" ትላለች። መጀመሪያ ልብ አላልኩትም፣ ስትደጋግመው መቁጠር ጀመርኩ። ፒያሳ ስንደርስ 31 በስመአብ። አንዱ የአሸዋ ክምር፣ አንዱ ሁለት ጎማውን እግረኛ መንገድ ላይ ሰቅሎ የቆመ ሚኒባስ፣ አንዱ ፎቅ የሚሰራ ሰው ቆርቆሮውን እስከ አስፓልቱ ጫፍ አጥሮት፣ ሁለት ቦታ ባለሱቁ የራሱን ደረጃ መራመጃው ላይ አውጥቶ ገንብቶት፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ እግረኛ መንገዱ ራሱ ድንገት ያልቅና ቦይ ነው። አንድ ቦታ የማንሆል ክዳን የለም፣ አንድ ደግ ሰው የባህር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰክቶበታል ሰው እንዳይገባ። ቅጠሉ ደርቆ ቡኒ ሆኗል። ቅጠሉን ሳይ ነው ስንት ጊዜ እንደቆየ የገባኝ።

ስንመለስ በባጃጅ ተመለስን። እናቴ ምን አለች መሰላችሁ፣ "ልጄ ሀኪሙ ተራመጂ ሲለኝ የት እንደሆነ አልነገረኝም" አለች።

ጥያቄዬ ይሄ ነው፣ እዚህ ከተማ አብዛኛው ሰው በእግሩ ነው የሚሄደው፣ ታዲያ ለምንድነው እግረኛ መንገዱ ሁሌ የተረፈ ቦታ የሚሆነው?


ሳሙና_በር

ሃሃሃ እናትህ 31 ጊዜ በስመአብ ካሉማ የቀኑን ጸሎት አድርሰው ነው ፒያሳ የገቡት። እግዜር ይማራቸው ግን። ስለማንሆሉ ልንገርህ፣ ብረት ክዳን እስከሆነ ድረስ አይበረክትም ብረት በኪሎ ይሸጣላ። እኛ ሰፈር በኮንክሪት ተኩት፣ እሱን ማንም አይሰርቀውም፣ ግን በሶስተኛው ወር አይሱዙ ወጣበትና ለሁለት ተሰነጠቀ። መጀመሪያ መኪናው እንዳይወጣ ካላደረግህ ክዳን መቀያየር ብቻ ነው


ካርታ_ወዳዷ

እናትህን ይማርልን ወንድሜ። እኔ የተማርኩት የከተማ ፕላን ነው፣ አሁን በሌላ ስራ ላይ ነኝ ግን ይሄ ርእስ ሲነሳ ዝም ማለት አይሆንልኝም፣ ረጅም ስለሆነ ከወዲሁ ይቅርታ።

ያ 31 ያልከው ቁጥር ከምንም በላይ ነው ደስ ያለኝ (ማለቴ አሳዝኖኛል ግን ገባህ)። የእግረኛ መንገድ ሲወራ ሁሌ የምንሰማው ስንት ኪሎ ሜትር ተሰራ ነው። ስንት ቦታ ተቆረጠ የሚል ሰው አጋጥሞህ ያውቃል? አስፓልት ላይ ብታየው፣ 2 ኪሎ ሜትር ሰርተህ መሀሉ ላይ 3 ሜትር ገደል ብትተው ማንም መንገድ ሰራህ አይልህም፣ መንገዱ ገና አልተከፈተም ነው የሚባለው። የእግረኛው ግን ሰላሳ ቦታ ተቆርጦም አለ ተብሎ ይቆጠራል። ምክንያቱም እግረኛ ይዘላል፣ ይወርዳል፣ ይዞራል ተብሎ ይታሰባላ። የሚታሰበው እግረኛ የ20 ዓመት ጎረምሳ ነው እንጂ ያንተ እናት አይደለችም፣ ልጅ ያዘለች ሴት አይደለችም፣ እንጨት የተሸከመች አይደለችም።

ትምህርት ቤት የሚያስተምሩን እንዲህ ነው፣ እግረኛ መንገድ ማለት አንድ ነገር አይደለም ሶስት ነው። ወደ ሱቁ የተጠጋው በር የሚከፈትበት እቃ የሚታይበት፣ ወደ አስፓልቱ ያለው ፖሉ ዛፉ ሊስትሮው ወንበሩ የሚቀመጥበት፣ መሀለኛው ደግሞ ለመራመድ ብቻ። ያ መሀለኛው ቢያንስ 1.80 ሜትር ከምንም ነገር ነጻ መሆን አለበት፣ ሁለት ዊልቸር ሲተላለፍ የሚፈልገው ስፋት ነው። ክረምት ላይ ጃንጥላ የዘረጉ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ምን እንደሚፈጠር ታውቁታላችሁ፣ አንዱ ወደ አስፓልት ነው የሚወርደው። እኛ ጋ 3 ሜትር ስፋት ያለው እግረኛ መንገድ አለ፣ ግን ፖሉ መሀል ላይ ነው የተተከለው፣ ስለዚህ ግራና ቀኙ ሜትር ከምናምን ይቀራል፣ ከወረቀቱ ላይ 3 ሜትር ከመሬቱ ላይ ግን ቀጭን ነገር ነው።

ጠርዙንም ያነሳኸው ልክ ነህ። ከፍታው 15 ሳንቲ ይበቃል። ለዊልቸር መውረጃ ሲሰራ 1 ለ12 ነው ህጉ፣ ማለት 15 ሳንቲ ለማውረድ 1 ሜትር ከ80 ርዝመት ያስፈልግሃል። ብዙ ቦታ የማየው ግን አንድ ክንድ የማይሞላ ላይ የተደፋ ሲሚንቶ ነው፣ በዊልቸር በሱ የወረደ ሰው በአፍንጫው ነው የሚደርሰው። የህንጻ አዋጁ ለአካል ጉዳተኛ መግቢያ ይኑር ይላል እኮ፣ ህንጻው በር ላይ ራምፕ ይሰራል፣ እዛ ራምፕ ድረስ የሚያደርስ መንገድ ግን የለም።


ባጃጅ_22

እኔ ባጃጅ ነው የምነዳው ስደቡኝ ግን መጀመሪያ ስሙኝ። እግረኛው ራሱ አስፓልት ላይ ነው የሚሄደው እግረኛ መንገድ ባለበትም ቦታ። ደግሞ ጀርባውን ሰጥቶ። ግራህን ይዘህ ሂድ የሚባለው እኮ የሚመጣውን መኪና ፊት ለፊት እንድታየው ነው እኛ አገር መኪና በቀኝ ነው የሚሄደው። ማን ነው ይሄን የሚያደርገው? ጆሮው ላይ ኤርፎን ሰክቶ በቀኝ በኩል ይሄዳል ክላክስ ስታደርግለት ይቆጣሃል

ዜብራ ላይ ትቆማላችሁ ትሉናላችሁ፣ እሽ ልክ ናችሁ እንቆማለን። ግን ተሳፋሪው ወራጅ የሚለው የት ነው? ዜብራው ላይ። 20 ሜትር ባልፈው ኧረ አሳለፍከኝ ብሎ ሂሳቡን እያጉረመረመ ነው የሚሰጠኝ። መቆሚያ የሚባል የተሰራ ቦታ ብዙ ቦታ የለም። መቆሚያ ስጡን ከዛ ዜብራ ላይ የቆመውን ቅጡት


የቀሃው

ባጃጅ_22 ወንድሜ አልሰድብህም፣ ትናንት የመለሰን ባጃጅ ሹፌር እናቴን ደግፎ ነው ያሳፈራት። ግን እግረኛው ለምን አስፓልት ላይ ሄደ ስትል እኮ መልሱ እኔ ከላይ የጻፍኩት ነው። በየ30 እርምጃው ውረድ ውጣ ከምትባል አንደኛውን ወርደህ መሄድ አይቀልም? እናቴም መጨረሻ ላይ "ተወው ልጄ ከታች እንሂድ" ነው ያለችው። በስመአቡ 31 ላይ የቆመው ለዛ ነው፣ ከዛ በኋላ አስፓልት ላይ ነበርና።


ካርታ_ወዳዷ

@ባጃጅ_22 የመቆሚያው ነገር 100% ልክ ነህ። ዜብራ አጠገብ ባጃጅ ሲቆም ችግሩ ቦታ መያዙ ብቻ አይደለም፣ ከፊቱ የሚሻገረውን ልጅ ከኋላ የሚመጣው ሌላ ሹፌር አያየውም። መቆሚያው ከዜብራው አለፍ ብሎ ቢሆን የወረደው ሰው ከባጃጁ ኋላ ይሻገራል፣ ባጃጁም ከፊቱ ነጻ ነው። ቀለምና አንድ የመንገድ ምልክት ነው የሚፈልገው፣ በጀት የለም የሚባልበት ነገር አይደለም።


መንጃ_አሰልጣኝ

ተማሪዎቼን ሁልጊዜ የማስቆጥራቸውን ሂሳብ ላካፍላችሁ። በ30 የሚሄድ መኪና ሹፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርግ 1 ሰከንድ ቢፈጅበት 8 ሜትር ሄዷል፣ ከዛ ፍሬኑ ሲይዝ ሌላ 5 ሜትር፣ በድምሩ 13 ሜትር ገደማ ላይ ይቆማል፣ ይሄ በደረቅ አስፓልት ነው። በ60 ደግሞ ከመንካቱ በፊት ወደ 17 ሜትር፣ ፍሬኑ 20፣ በድምሩ 37። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ፍሬኑ አራት እጥፍ ነው የሚረዝመው፣ ተማሪ ሁሉ እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው እጥፍ ነው ይላል። ስለዚህ 15 ሜትር ፊትህ ህጻን ቢገባ በ30 ስትሄድ ደንግጠህ ትስቃለህ፣ በ60 ግን ገና ፍሬን ሳትይዝ ነው የምትደርስበት። ክረምት ላይ ኮብሉ ሲያንሸራትትማ አትጠይቁኝ

የከተማ ውስጥ መንገድ ሲሰፋ ደስ ይለናል ግን የሰፋ መንገድ ሹፌሩን ነዳጅ ስጠው ስጠው ነው የሚለው። የፍጥነት ምልክቱ 30 ቢል መንገዱ 70 ይላል፣ ሹፌር የሚሰማው መንገዱን ነው


ጀበና

እኔም አስተያየት አለኝ ትምህርቴ ብዙ ባይሆንም። እኔ የጀበና ቡና ነው የምሸጠው እግረኛ መንገድ ላይ። ሁላችሁም እግረኛ መንገዱ ተያዘ ተያዘ ስትሉ እኔ ላይ የምትጽፉ ይመስለኛል። አራት ወንበርና አንድ ከሰል ነው ያለኝ። ሁለት ጊዜ እቃዬን ጭነውብኛል፣ ማን እንደሆነ አልናገርም። እኔን ካነሱኝ በኋላ ቦታው ላይ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ መኪና ቆመበት። ለሳምንት በየቀኑ አየሁት አንድ አይነት መኪና ነው። እኔን የሚያነሳ አለ መኪናውን የሚያነሳ ግን የለም።

ደግሞ ማታ ማታ ከስራ የሚመለሱ ልጆች እኔ ያለሁበትን በኩል መርጠው ነው የሚያልፉት መብራትም ሰውም ስላለ። "እትየ እስከ ጥግ ድረስ እይኝ" የምትለኝ ልጅ አለች በየቀኑ፣ እኔም እስክትታጠፍ አያታለሁ።


ካርታ_ወዳዷ

እህቴ ይሄን የጻፍሽውን ፕሪንት አድርገው ክላስ ውስጥ በሰጡን ደስ ይለኝ ነበር። አንድ ጄን ጄከብስ የምትባል አሜሪካዊት ጸሀፊ በ1961 እ.ኤ.አ ያለችው ይሄንኑ ነው፣ መንገድን የሚጠብቀው ፖሊስ ብቻ አይደለም፣ መንገዱ ላይ አይን ያላቸው ባለሱቆችና ጎረቤቶች ናቸው ብላ። እሷም እንዳንቺው የምታየውን ነው የጻፈችው፣ በሙያዋ ፕላነር አልነበረችም።

አንቺ ያለሽው ወደ አስፓልቱ ባለው መስመር ላይ ከሆነና 1.80ው ነጻ ከሆነ አንቺ ችግር አይደለሽም፣ እንዲያውም አንቺ ስላለሽ መኪና ከአስፓልቱ ወደ እግረኛ መንገዱ መውጣት አይችልም። ቦታው በቀለም ተሰምሮ እዚህ ድረስ ያንቺ ነው ከዚህ ወዲያ የእግረኛ ነው ቢባል ማንም ከማንም አይጣላም።


ተዉን_እባካችሁ

ኑሮው እንዲህ በከበደበት ሰዓት፣ ሰው ሌላ ስንት ጭንቀት ባለበት፣ እናንተ የእግር መንገድ ስፋት በሳንቲ ትለካላችሁ። ፈረንጅ ሀገር መሰላችሁ እንዴ። መጀመሪያ ይብላ ሰው


ነጭ_በትር

@ተዉን_እባካችሁ ወንድሜ መኪና ያለው ሰውማ ይሄን ክር አይከፍተውም። በእግሩ የሚሄደው የባጃጅ የሌለው ነው። እኔ አይነ ስውር ነኝ፣ ስልኬ እያነበበልኝ ነው የምከታተላችሁ፣ ስህተት ብጽፍ እለፉኝ። ለኔ የእግር መንገድ ማለት ስራ መሄድና አለመሄድ ነው።

ያቺን ቢጫ ጎርበጥባጣ ታይል ታውቋታላችሁ? ለጌጥ የሚመስለው ሰው አለ። ሰይቺ ሚያኬ የሚባል ጃፓናዊ ነው በ1965 እ.ኤ.አ የሰራት፣ በ1967 ኦካያማ ከተማ ላይ መጀመሪያ ተነጠፈች። ቋንቋ አላት እኮ፣ ረጃጅም መስመር ከሆነች ቀጥል ናት፣ ነጠብጣብ ከሆነች ቁም፣ ፊትህ አስፓልት ወይ ደረጃ አለ ማለት ነው። አንድ ሰፈር ላይ (ማን እንደሰራው ተዉት) መስመሯን ይዤ ስሄድ በግንባሬ የመብራት ፖል መታሁ። መስመሯ ፖሉ ድረስ ትመጣና ከፖሉ ወዲያ ደግሞ ትቀጥላለች። የነጠፈው ልጅ ፖሉን አላየውም አይባልም፣ በደንብ አይቶታል፣ ዙሪያውን ታይል ቆርጦ በሚያምር ሁኔታ ነው የገጠመው በእጄ ዳስሼ አየሁት። ጎበዝ ባለሙያ ነው። ምን እንደሆነች ግን ማንም አልነገረውም። ሌላ ቦታ ደግሞ ነጠብጣብና መስመሩን አፈራርቀው ነጥፈውታል ዲዛይን መስሏቸው፣ ቀጥል ቁም ቀጥል ቁም ይለኛል እንደ ወታደር ሰልፍ።

ኮብል ላይ የበትሬ ጫፍ ክፍተቱ ውስጥ ይሰካል፣ ስሄድ እጀታው ሆዴን ይወጋኛል። ግን እውነቱን ልናገር ኮብል እወዳለሁ፣ ጎማ ሲመጣበት ድምጹ ከሩቅ ይሰማላ። አሁን አሁን የኤሌክትሪክ መኪና እየበዛ ነው የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ፣ እሱ ደግሞ አስፓልት ላይ ድመት ነው፣ አጠገቤ ሲደርስ ነው ነፋሱን የምሰማው።


የቀሃው

ነጭ በትር ወንድሜ፣ ፖሉን ካነበብኩ ጀምሮ ግንባሬን እያሻሸሁ ነው


ተዉን_እባካችሁ

እሽ ወንድሜ ይቅርታ፣ እንደዛ አላሰብኩትም ነበር።


ጋሸ_ጃንተከል

እንደምን ዋላችሁ ልጆች። ልጄ ነው ይሄን ጽሁፍ ያሳየኝ፣ እኔም ትንሽ ልበል። ይህ ከተማ ሲቆረቆር እኮ መኪና አልነበረም፣ በእግርና በበቅሎ ነው የተሰራው። የፋሲል ግቢን የከበበው አጥር 900 ሜትር ነው ይባላል፣ በዚያ ላይ 12 በር አለው። ጃን ተከል በር፣ ወንበር በር፣ ተዝካሮ በር፣ እምቢልታ በር እያለ ይቀጥላል። ለምን ይህን ያህል በር አስፈለገ ብትሉኝ ሁሉም በየስራው በቅርቡ እንዲገባ ነው፣ ዳኛው በዚህ ነጋሪት መቺው በዚያ። ዛሬ አንድ ትልቅ ህንጻ ይሰሩና አንድ በር ያወጡለታል፣ ያውም ለመኪና።

ጣሊያን ከ1928 እስከ 1933 በነበረ ጊዜ ደግሞ ጌራርዶ ቦሲዮ በሚባል መሀንዲስ ፕላን አስወጣ። ክፋቱ ክፋት ነው፣ የነጩን ሰፈር ለብቻ የኛን ለብቻ አድርጎ ነው የከፈለው። ፒያሳን ግን በእግር የሚኬድበት አድርጎ ሰራው፣ ሱቁ በሩን ወደ መንገዱ ከፍቶ፣ ቡና ቤቱ ወንበሩን አውጥቶ። እኛ በወጣትነታችን ማታ ማታ ከፖስታ ቤቱ ጀምረን ወደላይ ወደታች እንመላለስ ነበር፣ የትም አንሄድም፣ መሄዱ ራሱ ነበር ጉዳዩ። ዛሬ ያንን ለማድረግ ብሞክር መኪና ይገፋኛል።

አንድ ቀን ብቻ ጎንደር ወደ ድሮዋ ትመለሳለች፣ የከተራ ቀን ጥር 10። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ መኪና ይቆማል፣ ህዝቡ አስፓልቱን ሞልቶ ይወርዳል። ምርኩዝ የያዘ ሽማግሌ፣ ህጻን ያዘለች፣ እኔም ሳልቀር። በዚያ ቀን ደክሞኝ አያውቅም። ልጄ "አባባ ከመዋኛው ድረስ በእግርዎ?" ይለኛል፣ በሌላ ቀን ግን ሱቅ ድረስ ስሄድ ይሰጋል። ያው መንገድ ነው እኮ።


የቀሃው

ጋሸ እግዜር ይስጥልን። እናቴም ከተራ ላይ አንድም ቀን ጉልበቴን ብላ አታውቅም አሁን ሲሉኝ ነው የገባኝ። በዚያ ቀን ደግሞ ከእግረኛ መንገዱ ላይ መውጣትና መውረድ የለም፣ መሀል አስፓልቱን ነው የምንይዘው።


ከኮፐንሃገን

ሰላም ወገኖቼ፣ የአዘዞ ልጅ ነኝ እዚህ ከገባሁ 11 ዓመቴ። ጋሸ ያሉት ነገር እዚህ በ1962 እ.ኤ.አ ነው የተጀመረው። ስትሮየት የሚባል ከ1 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ የገበያ መንገድ አለ፣ ለመኪና ዘጉት። ነጋዴው መጀመሪያ ጮኸ፣ ከሰርን አለቀልን አለ። ዛሬ ሱቅ ለማግኘት ወረፋ ነው። ስፔን ውስጥ ደግሞ ፖንቴቬድራ የምትባል ከተማ አለች፣ ህዝቧ 80 ሺህ ገደማ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ ጀምሮ መሀል ከተማውን ለእግረኛ ለቀቀችው። ከጎንደር በብዙ ታንሳለች እሷ እንኳን። ፒያሳንና የግንቡን ዙሪያ ለእግረኛ ማድረግ አይቻልም ወይ? ግንቡ እኮ ከ1979 እ.ኤ.አ ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፣ የከባድ መኪና ንዝረቱ ራሱ ለድንጋዩ አይበጀውም


ሳሙና_በር

ኮፐንሃገን ሜዳ ነው አይደል እንዴ ወንድሜ? ና እስኪ ጎሃ ተራራን ውጣልኝ። እኛ ጋ ዳገት ነው ጨዋታው። ከአሰልጣኙ 1 ለ12 ምናምን ሰማን (ከካርታ ወዳዷ ነው ለካ)፣ ጎንደር ላይ 1 ለ12 ብትፈልግ አንዱ ቤት ጣራ ላይ ትወጣለህ


ከኮፐንሃገን

ሃሃሃ ልክ ነህ እዚህ ትልቁ ዳገት ድልድይ ነው። ግን ሜዴሊን የምትባል የኮሎምቢያ ከተማ አለች፣ ገደል ላይ ያለ የድሆች ሰፈር ውስጥ በ2011 እ.ኤ.አ የሚንቀሳቀስ ደረጃ ሰሩ፣ ሞል ውስጥ እንዳለው ግን ውጭ ላይ


ሳሙና_በር

መብራት ሲጠፋስ


ከኮፐንሃገን

ያኔ ደረጃ ይሆናል 😂


ካርታ_ወዳዷ

ሳሙና በር ቀልዶም ቁም ነገር ነው የነካው። ዳገት ላይ ራምፑ የማይሆን ቦታ አለ፣ ደረጃ ነው የሚያዋጣው። ጎንደር ውስጥ እኮ ሰው ራሱ የረገጣቸው አቋራጮች ሞልተዋል፣ ባጃጁ ዞሮ የሚወጣውን ሰው በሶስት ደቂቃ ይወጣዋል፣ ክረምት ሲመጣ ግን ጭቃ ይሆኑና ይዘጋሉ። እነሱን በጥርብ ድንጋይ ደረጃ ማድረግ፣ በየ12 ደረጃው ማረፊያ ሰፋ ያለ ቦታ፣ በአንድ ጎን መያዣ ብረት፣ በሌላው ጎን የጎርፉ ቦይ። ድንጋይ ጠራቢ ጎንደር ውስጥ አይጠፋም ከፋሲል ዘመን ጀምሮ። ለዊልቸሩ ረጅሙ መንገድ ይስተካከላል፣ ለሌላው አጭሩ ይከፈታል።

የመሻገሪያውን ነገር ደግሞ ማንም አላነሳውም። አራት መስመር መንገድ 14 ሜትር ነው። ጤነኛ ሰው በሰከንድ 1.2 ሜትር ይሄዳል ይባላል፣ 12 ሰከንድ። የየቀሃው እናት ግን 0.8 ቢሄዱ ነው፣ ያ 17 ሰከንድ ተኩል ነው። 17 ሰከንድ ሙሉ መኪና የማይመጣበት ጊዜ ከሰዓት በኋላ ጠብቁና አግኙ። መሀል ላይ አንድ ሜትር ተኩል የምትሆን ማረፊያ ደሴት ብትሰራላቸው ግን 9 ሰከንድ ሄደው ይቆማሉ፣ ሌላውን ጎን አይተው 9 ሰከንድ። ያው መንገድ ያው ሴትዮ። ዜብራውን ደግሞ ከቀለም ይልቅ ከእግረኛ መንገዱ እኩል ከፍ አድርጎ መስራት አለ፣ ያኔ እሳቸው አይወርዱም መኪናው ነው የሚወጣው፣ ሳይቀዘቅዝ መውጣት አይችልም። የዜብራው ቀለም መጥፋትም አያሳስብም።


ባጃጅ_22

እሱ ከሚሰራብኝ ቀለሙ ይሻለኛል ሾክ አብዞርበር የሚገዛልኝ ማነው 😅 ግን ቁልቁለት ላይ አታድርጉት እንጂ እሽ


ማራኪ_ዶርም

የኮሪደር ልማቱ ሲያልቅ ይሄ ሁሉ ይስተካከላል ባይ ነኝ። ታይሉ መብራቱ ያምራል ማታ ፎቶ ለመነሳት እንወጣለን


ሳሙና_በር

ፎቶውስ ይሁን። ግን ታይል ክረምት ላይ ዳገት ላይ አይተኸዋል? እኔ በሀምሌ አንዱን ሰውየ ከነጃንጥላው ተቀምጦ ሲንሸራተት አይቻለሁ፣ ጃንጥላውን አልለቀቀም ግን


ካርታ_ወዳዷ

ኮሪደሩ ፖለቲካ ስለሚያመጣ አልገባበትም፣ አንድ ነገር ብቻ፣ ዋናው መንገድ ቢያምርም ሰው የሚኖረው ከዋናው መንገድ ጀርባ ነው። ወረቀት ላይ ችግር የለብንም፣ የከተማ መሬት 30 በመቶ ለመንገድ 30 ለአረንጓዴ 40 ለግንባታ የሚል መርህ አለን፣ የትራንስፖርት ሚኒስቴር በ2012 ያወጣው ሞተር አልባ ትራንስፖርት የሚል ለአስር ዓመት የሚሆን ስትራቴጂ አለ። አዲስ አበባ በ2011 ህዳር "መንገድ ለሰው" ብለው መንገድ ዘግተው ህዝቡ ሲወጣበት ሁላችንም በቲቪ አይተናል። የጎደለው ከቀሃ ፒያሳ የሚቆጥር ሰው ነው። እኔ ቅዳሜ ነጻ ነኝ፣ ሜትር አለኝ። የሚመጣ አለ?


የቀሃው

እኔ አለሁ። እናቴ ግን አትመጣም አትጠብቋት ሃሃ


ነጭ_በትር

እኔም እመጣለሁ። ፖል በማግኘት ልምድ አለኝ


ባጃጅ_22

ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት ከሆነ እመጣለሁ ከዛ ስራ ነው


የቀሃው (ቅዳሜ ማታ)

እሽ ወገኖች ሄድን፣ አራት ሆነን። ውጤቱን አጠር አድርጌ፦ 31 አይደለም፣ 44 ነው። እኔ የቆጠርኩት እናቴ የወረደችባቸውን ብቻ ነበር ለካ፣ ከታች በአስፓልቱ የሄድንበትን ክፍል አልቆጠርኩም። ከ44ቱ ውስጥ 19ኙ በአንድ ቀን የሚስተካከሉ ናቸው አለች ካርታ ወዳዷ፣ አሸዋ፣ ድንጋይ፣ የቆመ መኪና፣ የሱቅ እቃ። ካሳም ዲዛይንም አይፈልጉም። ሁለት ባለሱቆች እዛው እያለን እቃቸውን አስገቡ፣ አንዱ ሰደበን። በጣም የከበደው የባለሱቆቹ ደረጃ ነው፣ ሱቁ ራሱ ከፍ ብሎ ስለተሰራ ደረጃውን ብታፈርሰው መግቢያ የለውም፣ እሱ ላይ ግማሽ ሰዓት ተከራክረን ሳንስማማ ተለያየን።

ነጭ በትር ደግሞ እኔ በየቀኑ የማልፍበትንና አንድም ቀን አይቼው የማላውቀውን ነገር አገኘ፣ የአንድ ሱቅ የመስኮት መከለያ ብረት ወደ ውጭ ተከፍቶ በፊት ቁመት ላይ። በትሩ ከታች ስለሚሄድ አይነካውም። እጁን ከፊቱ አድርጎ ነው ያገኘው።

ሌላ፣ ማንሆሉ ጋ ስንደርስ ቅርንጫፉ የለም። ላዩ ላይ ወፍራም ላሜራ ተበይዶበታል፣ ጫፉ ላይ ገና የብየዳው ዝገት ቀለም አለ። ማን እንደሰራው ሰፈሩን ብንጠይቅ አናውቅም አሉ።


ባጃጅ_22

እዛ ጋ ያለው ጋራዥ ልጅ ነው። ተሳፋሪዬ ነበረ ሐሙስ እለት፣ ይሄን ክር አሳየሁት። እንዳትናገር ብሎኝ ነበር


ጀበና

ልጁን ቡና ይጠጣ በሉት፣ በኔ